ያገለገለ የምግብ ዘይት ሰብስቦ ለባዮዲዝል ማቅረብ፦ በሐዋሳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሐዋሳ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ከነመልሳቸው ቀርበዋል።

ባዮዲዝል ምንድን ነው? የምግብ ዘይትስ እንዴት ነዳጅ ይሆናል?

ባዮዲዝል ከአትክልት ዘይት ወይም ከእንስሳት ስብ የሚሠራ፣ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ብቻውን ወይም ከናፍጣ ጋር ተደባልቆ የሚነድ ፈሳሽ ነው። የምግብ ዘይት ሦስት የስብ አሲዶች ከአንድ ግሊሰሪን ጋር ተያይዘው የተሠራ ስለሆነ ለሞተር ይወፍራል። ሜታኖል የሚባለው አልኮልና ጥቂት ኮስቲክ ሶዳ ተጨምሮበት ሲሞቅ ግን የስብ አሲዶቹ ከግሊሰሪኑ ተላቀው ከሜታኖሉ ጋር ይጣመራሉ፤ ቀጭኑ ባዮዲዝል ከላይ ሲንሳፈፍ ከባዱ ግሊሰሪን ከታች ይዘቅጣል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ የናፍጣ ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። በአገራችንም በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የባዮፊውል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ ባዮዲዝልን እንደ ጃትሮፋና ጉሎ ካሉ ተክሎች ለማግኘት ያለመ ነበር። ከወጥ ቤት የሚወጣ ዘይት ከእነዚህ የሚለየው መሬት የማይሻማ፣ ዝናብ የማይጠብቅና ዛሬ በከተማው ውስጥ ያለ መሆኑ ነው።

«ያገለገለ ዘይት» የሚባለው የትኛው ነው? ከጋራዥ የሚወጣው የተቃጠለ ዘይትም ይሆናል?

አይሆንም። በተለምዶ «የተቃጠለ ዘይት» የምንለው ከመኪና ሞተር የሚቀዳው ጥቁር ቅባት ሲሆን፣ ከድፍድፍ ነዳጅ የተገኘ በመሆኑ ወደ ባዮዲዝል አይለወጥም። ከዚህም በላይ በውስጡ የብረት ብናኝና መርዛማ ነገር ስላለበት አንድ ሊትር ብቻ በስሕተት ወደ በርሜሉ ቢገባ ሙሉ በርሜል የምግብ ዘይት ያበላሻል። ስለዚህ ከሆቴል ጋር ሲነጋገሩ «የተቃጠለ ዘይት እገዛለሁ» ማለት አይገባም፤ ይህን የሰማ የጥበቃ ሠራተኛ በቅንነት ከጄኔሬተር ክፍል የወጣውን ዘይት ጨምሮ ሊያስረክብ ይችላል። «ምግብ የተጠበሰበት ዘይት» ማለት ይበቃል።

ለሥራው የሚፈለገው ድንች፣ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና የመሳሰለው የተጠበሰበት ዘይት ነው። ቅቤ የተቀላቀለበት ወይም ከሥጋ ጥብስ የወጣ ስብም ሊለወጥ ይችላል፣ ሆኖም ቶሎ ስለሚረጋና አሲዱ ከፍ ስለሚል ለብቻው ቢቀመጥ ይሻላል።

በሐዋሳ ዘይቱ ከየት ይገኛል?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች መመገቢያና የኢንዱስትሪ ፓርኩን ካፌዎች ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚመገብበት ቦታ ብዙ ዘይት ሊኖረው ይገባል ከሚል ግምት የተነሣ። ግምቱ ግን ስሕተት ነው። ወጥ ውስጥ የገባ ዘይት ከወጡ ጋር ተበልቶ ያልቃል። ዘይት የሚተርፈው ምግቡ በዘይት ውስጥ ተነክሮ በሚጠበስበት ቤት ብቻ ነው፤ ሦስት ሺህ ሰው ሽሮ ከሚያበላ ወጥ ቤት ይልቅ ሠላሳ ሰሃን ችብስ የሚሸጥ አንድ በርገር ቤት የተሻለ ምንጭ ይሆናል።

በሐዋሳ ይህን ሥራ ከሌሎች ከተሞች የሚለየው ዓሣው ነው። በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ማለዳ ከጀልባ የወረደው ቆሮሶ እዚያው ይገፈፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ዱቄት ተነስንሶበት ሰፊ መጥበሻ ውስጥ ይገባል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀቱን ሲሻሙ ጠባሿ ዘይቱን በጭልፋ እያጠለለች ከምድጃ ሳታወርደው ለሚቀጥለው ዙር ትጠቀምበታለች። የዚህ ዘይት መጠን ደህና ነው፤ ነገር ግን ውሃ፣ ዱቄትና የዓሣ ፍርፋሪ ስለሚበዛበት ከሆቴል ዘይት ፈጥኖ ይበላሻል። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ስለሚጨምር ከዓሣ ጠባሾች የሚገኘው ዘይት ከፍ ይላል፤ በአንጻሩ ዶሮና በርገር የሚሠሩ ቤቶች በዚያው ወቅት ይቀዘቅዛሉ። ከሁለቱም ወገን ደንበኛ የያዘ ሰብሳቢ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል።

ከዚህ ሌላ በሐይቁ ዳርቻ ያሉ ሪዞርቶችና ስብሰባ የሚያስተናግዱ ሆቴሎች አሉ። ከየመኖሪያ ቤቱ መሰብሰብ ግን በጀማሪ ዐቅም አያዋጣም፤ ከአንድ ቤት በወር የሚገኘው ዘይት የባጃጁን ቤንዚን አይመልስም።

ዘይቱ እስካሁን የት ይሄድ ነበር? ቢደፋስ ምን ይጎዳል?

ገሚሱ ለመንገድ ዳር ጠባሾች ይሸጣል፣ ገሚሱ ለሳሙና ሠሪዎች ይሄዳል፣ የቀረው ወደ ቦይ ይደፋል። ቦይ ውስጥ የገባ ዘይት ሲቀዘቅዝ ከጭቃና ከፌስታል ጋር ተጣብቆ ይጠጥርና ውሃ መውረጃውን ይዘጋል፤ ክረምት ሲገባ ሰፈሩ የሚጥለቀለቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ጉዳይ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሐይቁ በጥቁር ውሃ ወንዝና በዙሪያው ባሉ ፈሳሾች በኩል ውሃ ይገባዋል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባበትን ጠርጎ የሚወስድለት ስለሌለ ከከተማው የሚወርደው ቆሻሻ እዚያው ይከማቻል። ዘይት በውሃ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ አየር ወደ ውሃው እንዳይገባ ያግዳል፤ ሲበሰብስም በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ዓሣ ጥብስ የሚሸጥ ሰው የጠበሰበትን ዘይት ወደዚያው ሐይቅ በሚወርድ ቦይ ቢደፋ የነገውን ዓሣ እየገደለ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ንግግር አያስፈልግም፤ ለአሞራ ገደል ሰዎች ሲነገራቸው ቶሎ ይገባቸዋል።

ለመጀመር ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ክዳናቸው የሚጠብቅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች፣ ሁለት ወይም ሦስት ባለ 200 ሊትር በርሜሎች፣ ጠንካራ የሽቦ ወንፊትና የጨርቅ ማጥለያ፣ የተንጠልጣይ ሚዛን፣ ደብተር፣ ጓንት፣ እንዲሁም የሚከራይ ባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር ይበቃል። ከበርሜሎቹ ቢያንስ አንዱ ከታች ቧንቧ ሊገጠምለት ይገባል፤ ምክንያቱም ውሃና ዝቃጭ ከታች ስለሚቀመጡ ከላይ እየቀዱ ማጥራት አይቻልም። በርሜሉን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማቆም ዘይቱን ያሞቀዋል፣ የሞቀ ዘይት ቀጭን ስለሆነም ውሃው ቶሎ ይወርዳል። የሐዋሳ ፀሐይ በነጻ የሚሠራ ሠራተኛ ናት።

ስለ ጀሪካኑ ሁለት ማሳሰቢያ አለ። አንደኛ፣ ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም አይሆንም። ሁለተኛ፣ ቢጫው የዘይት ጀሪካን በየቤቱ ውሃ መቅጃ ሆኖ ስለሚያገለግል የእርስዎ የሆነው በጉልህ ቀይ ቀለም ዙሪያውን ይቀባ፤ አለበለዚያ ሆቴል ውስጥ ከአዲሱ ዘይት ጋር ይቀላቀላል፣ ወይም አንድ ቀን ጠፍቶ በጎረቤት ጓሮ ውሃ ተሞልቶ ይገኛል።

ትኩስ ዘይት አይረከቡ። መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ የላስቲክ ጀሪካን ይህን አይችልም፣ የሰው ቆዳማ ጭራሽ። በነጋታው ጠዋት መረከብ ለሁሉም ይሻላል። መሬት ላይ ለፈሰሰ ዘይት ሰጋቱራ ወይም አመድ መነስነስ ጥሩ ነው፤ ዘይት የጠጣ ሰጋቱራና ጨርቅ ግን ተከምሮ ሲቀመጥ ራሱ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል በዕለቱ ከመጋዘን ይውጣ።

ለሆቴሉ ልክፈል ወይስ በነጻ ልውሰድ? በሊትር ነው በኪሎ?

በነጻ የሚሰጥ ሆቴል አለ፣ ነገር ግን በነጻ የሚገኝ ነገር የሚቆየው ሌላ ሰው ዋጋ እስኪሰጥበት ድረስ ነው። ጥቂትም ቢሆን ከፍሎ ደረሰኝና የጽሑፍ ስምምነት መያዝ ይመረጣል። አንዳንዶች ገንዘብ ከመቀበል ይልቅ ለተወሰነ ሊትር ያገለገለ ዘይት አንድ ሊትር አዲስ ዘይት መለወጥን ይመርጣሉ፤ የአዲስ ዘይት ዋጋ ሲንር ይህ ሰብሳቢውን እንደሚጎዳ መዘንጋት የለበትም።

ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተስማምቶ መውጣት ግማሽ መንገድ ነው። ዘይቱን የሚያወርዱት፣ የሚያጠልሉትና ጀሪካን ውስጥ የሚገለብጡት የወጥ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ በብዙ ቤት ከዚያ ዘይት የሚገኘው ሳንቲም ከድሮም የእነርሱ ነበረ። እትዬ ወጥ ቤቷ ጥቅሟ ከተነካ ጀሪካኑ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ መጨመሩ አይቀርም። ስለዚህ ከክፍያው የወጥ ቤቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በስምምነቱ ውስጥ በግልጽ ይነገር።

ልኬቱ በኪሎ ይሁን። የምግብ ዘይት አንድ ሊትር 0.92 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 18.4 ኪሎ ዘይት ይይዛል። አንድ ሊትር ውሃ ግን አንድ ኪሎ ነው፤ ጀሪካኑ ሞልቶ የባዶው ጀሪካን ክብደት ተቀንሶም ከዚህ በግልጽ ካለፈ በውስጡ ከዘይት ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። በሊትር የሚገዛ ሰው ይህ ምልክት ያመልጠዋል።

የዘይቱን ጥራት እንዴት እለካለሁ?

በቀለም አይደለም። ጠቁሮ ጥሩ የሆነ ዘይት አለ፣ ወርቃማ ሆኖ ውሃ የተሞላም አለ። በጅምሬ ከአንድ ሆቴል የተረከብኳቸው አራት ጀሪካኖች ከላይ ሲታዩ የሚያምሩ ነበሩ፤ በርሜል ውስጥ ገልብጬ በሦስተኛው ቀን የታችኛውን ቧንቧ ስከፍት የመጀመሪያው ባልዲ በሙሉ ግራጫ ውሃና የሩዝ ፍሬ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ሜትር ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም። ቱቦውን ቀስ ብለው እስከ ጀሪካኑ ወለል ያወርዱታል፣ የላይኛውን አፍ በአውራ ጣት ይደፍኑታል፣ ያወጡታል። በቱቦው ውስጥ ዘይቱ፣ ውሃውና ዝቃጩ በየደረጃቸው ቆመው ይታያሉ፤ ሻጩም አብሮ ስለሚያይ ክርክር የለም።

በዘይቱ ውስጥ የተሟሟ ውሃ ግን በዓይን አይታይም። ለዚህ ሁለት ማንኪያ ዘይት በትንሽ መጥበሻ ከ100 ዲግሪ በላይ ማሞቅ ይበቃል፤ ከተንጣጣ ውሃ አለበት፣ ዝም ካለ ደርቋል።

ሦስተኛውና ዋናው መለኪያ አሲድ ነው። ዘይት ደጋግሞ ሲጠበስበትና ውሃ ሲነካው የስብ አሲዶቹ ይፈታሉ፤ የተፈታ አሲድ ደግሞ ኮስቲክ ሶዳውን እየበላ ዘይቱን ባዮዲዝል በማድረግ ፈንታ ሳሙና ያደርገዋል። መለኪያው እንዲህ ነው፦ አንድ ግራም ኮስቲክ ሶዳ በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟል፤ አንድ ሚሊ ሊትር ዘይት በአሥር ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ይበጠበጣል፤ ከዚያ የሶዳው ውሃ በመርፌ ሲሪንጅ ጠብ ጠብ እየተደረገ ቀለሙ እስኪለወጥ ይቆጠራል። ቀለም አመልካቹ ፌኖልፍታሊን ነው፤ ካልተገኘ ከገበያ የተገዛ እርድ በአልኮል ተበጥብጦ ጥሩ ይሠራል፣ ቢጫው ወደ ቀይ ሲዞር ያቁሙ። አንድ ሚሊ ሊትር የሶዳ ውሃ 0.77 በመቶ ገደማ አሲድ ያመለክታል። እስከ 3 ሚሊ ሊትር የወሰደ ዘይት ጥሩ ነው፤ ከ5 በላይ የወሰደው አስቀድሞ በሰልፈሪክ አሲድ መታከም ስለሚያስፈልገው ዋጋው ዝቅ ማለት አለበት። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት ዘይቱን አያሟሟምና ለዚህ አይሆንም።

የሚረጋው ዘይት ችግር አለው?

አለው፣ ግን የሚጣል አይደለም። በአገራችን «የሚረጋ ዘይት» የሚባለው የፓልም ዘይት ባዮዲዝል ለመሆን አያዳግተውም፤ ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከፓልም የተሠራ ባዮዲዝል 15 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መደፍረስ ይጀምራል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የሐዋሳ ሌሊት ከዚህ በታች ይወርዳል። ማታ ጤነኛ የነበረ ሞተር ጠዋት ማጣሪያው ተደፍኖ አልነሣ የሚለው በዚህ ነው። ከሱፍ ወይም ከአኩሪ አተር ዘይት የተገኘው ቅዝቃዜን በተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ ከተቻለ ሁለቱ በተለያየ በርሜል ይቀመጡ፤ ገዢው የትኛውን ምን ያህል እንደሚቀላቅል ራሱ ይወስናል።

ምን ፈቃድ ያስፈልገኛል?

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 የሚመራ ሲሆን፣ ጉዳዩ የሚጀምረው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከማውጣትና ወደ ከተማ አስተዳደሩ የንግድ መሥሪያ ቤት ከመሄድ ነው። ለመጋዘኑ የኪራይ ውል ያስፈልጋል፤ ቦታው ከመኖሪያ ቤቶችና ከውሃ መውረጃ የራቀ ቢሆን ኋላ ላይ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ስላሉም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን ከመጀመሪያው ማነጋገር ይገባል።

አንድ ልዩነት ግን በደንብ ይያዝ። ያገለገለ ዘይት መሰብሰብና መሸጥ አንድ ሥራ ነው፤ ነዳጅ አምርቶ ለሕዝብ መሸጥ ሌላ ሥራ ነው። ሁለተኛው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንን ቁጥጥር ይመለከታል፣ የደረጃ ምርመራም ይጠይቃል። በመሰብሰብ ፈቃድ ባዮዲዝል ቀድቶ ለሾፌር መሸጥ አይቻልም።

ባዮዲዝሉን ራሴ ባመርተውስ?

ለመጀመሪያው ዓመት አልመክርም። አሠራሩ በጽሑፍ ቀላል ይመስላል፦ ለ100 ሊትር ዘይት 20 ሊትር ገደማ ሜታኖልና የተመጠነ ኮስቲክ ሶዳ፣ ማሞቅ፣ ማማሰል፣ ማስቀመጥ፣ ማጠብ፣ ማድረቅ። ሁሉ ነገር ከሰመረ ከ90 ሊትር በላይ ባዮዲዝልና ከ15 እስከ 20 ሊትር የሚደርስ ያልተጣራ ግሊሰሪን ይገኛል።

አደጋው ሜታኖሉ ላይ ነው። ጥቂት ሚሊ ሊትር ሲጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ከዚያ ሲበዛ ይገድላል፤ በቆዳና በትንፋሽም ይገባል። ሲነድ እሳቱ በቀን ብርሃን አይታይም፣ ስለዚህ በአቅራቢያው ያለ ሰው መቀጣጠሉን የሚያውቀው ከተቃጠለ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሜታኖል ያለበት ክፍል ውስጥ ከሰልም ሆነ ክፍት የኤሌክትሪክ ምድጃ መኖር የለበትም። ከግሊሰሪኑ ሳሙና የሚሠሩም ሜታኖሉ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ሳያረጋግጡ ለሰው እጅ መስጠት የለባቸውም።

የውጭ መመሪያ አንብበው የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ይዘነጋሉ። መመሪያዎቹ ሜታኖል በ64.7 ዲግሪ ይፈላል የሚሉት በባሕር ወለል ላይ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ሜታኖሉም 60 ዲግሪ ሳይሞላ መፍላት ይጀምራል። «ከ55 እስከ 60 ዲግሪ አሙቅ» የሚለውን ቃል በቃል የሚከተል ሰው እዚህ ሜታኖሉን እያፈላ በክፍሉ ውስጥ ያተነዋል። በሐዋሳ 50 ዲግሪ አካባቢ መቆየትና ጊዜውን ማራዘም ይገባል፤ ገንዳውም የሚዘጋና ትነቱን አቀዝቅዞ የሚመልስ መሆን አለበት።

ምንም ሳላደርገው አጣርቼ በቀጥታ ናፍጣ ሞተር ውስጥ ብጨምረውስ?

ይነሣል፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። የምግብ ዘይት ከናፍጣ ከአሥር እጥፍ በላይ ወፍራም ስለሆነ ነዳጁን ወደ ሞተሩ በሚረጨው ኢንጀክተር በኩል በጥሩ ሁኔታ አይበተንም። ሳይነድ የቀረው በፒስተኑ ቀለበትና በኢንጀክተሩ አፍ ላይ እየጠጠረ ይሄዳል፣ ከፊሉም ወደ ሞተር ዘይቱ ወርዶ ያወፍረዋል። ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ ሾፌሩ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

በአግባቡ የተሠራ ባዮዲዝል ይህ ችግር የለበትም፤ ቢሆንም በአሮጌ መኪና ላይ ሲጀመር ታንከር ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ አሟሙቶ ስለሚያወርድ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል። የጎማ ቱቦዎችንም ሊያለሰልስ ይችላል። ከናፍጣ ጋር 20 በመቶ ያህል ደባልቆ መጀመር የተለመደው መንገድ ነው።

ሥራው ያዋጣል?

መልሱ የሚወሰነው ከዘይቱ በፊት በገዢው ነው። ዘይት ሰብስቦ ገዢ መፈለግ የብዙዎች ውድቀት ምክንያት ነው፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ገዢው ምን ያህል አሲድ ይቀበላል፣ ስንት ኪሎ ሲሞላ ይረከባል፣ ማጓጓዣውን ማን ይከፍላል የሚሉት በጽሑፍ ከተያዙ በኋላ የመጀመሪያው ጀሪካን ይገዛ።

ለምሳሌ ያህል 15 ወጥ ቤቶች በሳምንት አንድ አንድ ጀሪካን ይሰጣሉ እንበል። ይህ 300 ሊትር ነው። ውሃውና ዝቃጩ አንድ አሥረኛውን ቢወስድ 270 ሊትር ይቀራል፤ በወር ሲሰላ 1,170 ሊትር፣ ማለትም 1,076 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከዚህ ላይ የግዢውን፣ የሞተሩን ኪራይ፣ የመጋዘኑን፣ የአንድ ረዳት ደመወዝና ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ የ275 ኪሎ ሜትሩን ማጓጓዣ ይቀንሱ። ሰው የሚረሳው ወጪ የመጨረሻው ነው። ወደ ሐዋሳ ዕቃ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ ኤንፒአር የጭነት መኪና ፈልጎ መስማማት ከማንኛውም ድርድር የበለጠ ያተርፋል።

የባዮዲዝል ዋጋ ከናፍጣ ዋጋ ጋር የተያያዘ ነው። የናፍጣ ዋጋ በመንግሥት ስለሚተመን የእርስዎ ገዢ ከዚያ በላይ ሊሸጥ አይችልም፤ ሜታኖሉ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ገዢው በሁለቱ መካከል ተጣብቆ ስለሚሠራ ለዘይት የሚከፍለው ጣሪያ አለው። ይህን ጣሪያ ሳያውቁ ለሆቴሎች ዋጋ መስቀል ራስን መቅበር ነው።

አውሮፓ ውስጥ ጥሩ ዋጋ አለው ይባላል፤ ለምን ወደ ውጭ አልልከውም?

ዋጋው እውነት ነው፤ የአውሮፓ ነዳጅ አምራቾች ከቆሻሻ የተገኘ ዘይትን ይፈልጋሉ። ነገር ግን ዘይቱ ከየትኛው ወጥ ቤት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ኪሎ እንደተገኘ ተከታትሎ የሚያሳይና በውጭ መርማሪ የሚረጋገጥ የምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ፤ አዲስ የፓልም ዘይት «ያገለገለ» ተብሎ እንዳይሸጥ ስለሚሠጉ ቁጥጥሩ ጥብቅ ነው።

ብዛቱም ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ኮንቴይነር 20 ቶን ያህል ይይዛል። ከላይ ባለው ስሌት አንድ ሰብሳቢ ያንን ለመሙላት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ መጀመሪያ የገባው ዘይት ደግሞ የመጨረሻው እስኪደርስ በርሜል ውስጥ አሲዱ እየጨመረ ይሄዳል። ከሻሸመኔ፣ ከዲላና ከአዳማ ሰብሳቢዎች ጋር በማኅበር ተደራጅቶ ካልሆነ በቀር የሚታሰብ አይደለም። ለማንኛውም ደብተሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቀን፣ በቤትና በኪሎ መያዝ ወጪ የለውም፤ ማኅበሩ ሲመሠረት ያ ደብተር ገንዘብ ነው።

ቦምቦሊኖና ችብስ የሚጠብሱ ሰዎች ከባዮዲዝል ገዢው የተሻለ ዋጋ ቢሰጡኝ ልሽጥላቸው?

አይሽጡ። ጥያቄው በየሳምንቱ እንደሚመጣ ግን ይወቁ፤ ከአዲስ ዘይት በግማሽ ዋጋ የሚያገኝ ጠባሽ ከነዳጅ ሠሪ የበለጠ ሊከፍል ስለሚችል የዚህ ሥራ ትልቁ ተፎካካሪ እርሱ ነው። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ጤና የሚጎዱ ውሁዶችን ያከማቻል፤ ለምሳሌ ጀርመን የእነዚህ ውሁዶች መጠን 24 በመቶ ካለፈ ዘይቱ ለምግብ እንዳይውል ትከለክላለች። እርስዎ የሰበሰቡት ከአሥራ አምስት ቤት የተቀላቀለ፣ ያደረ፣ ውሃ የነካው ነው። ከዚያ የበላ ልጅ ቢታመም ተጠያቂው መጨረሻ ላይ የያዘው ሰው ነው፤ ሆቴሎቹም ዘይታቸው ወደ መንገድ ዳር ተመልሶ መሄዱን በሰሙ ቀን በሩን ይዘጋሉ።

«አልሸጥም» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የራስ ረዳት ከመጋዘን በጓሮ በር ሊያወጣው ይችላል። እኔ የማደርገው ጀሪካኖቹ መጋዘን እንደገቡ ወዲያው በርሜል ውስጥ ገልብጦ በእያንዳንዱ በርሜል ላይ ግማሽ ሊትር ናፍጣ መጨመር ነው። በ200 ሊትር ውስጥ ግማሽ ሊትር ናፍጣ ለነዳጅ ሠሪው ምንም አይደለም፣ አስቀድሜም አሳውቄዋለሁ፤ ለውጭ ገበያ በሚዘጋጅ ዘይት ላይ ግን ይህ አይደረግም፣ እርሱ በቁልፍና በማኅተም ይጠበቅ። ናፍጣ የነካውን ዘይት መጥበሻ ላይ ያደረገ ሰው ገና ሳይሞቅ ከሽታው ያውቀዋል።